የሰከንድ ደቦ

ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል
ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

የለም፣ አላኮረፍኩም! አኮርፈሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ይሁን፣ እኔው እመልሳለሁ። አያት በልጅ ልጇ አታኮርፍም፣ ትቆጣለች እንጂ። ሁለቱ ለየቅል ነው።

ሰላምታ ይቅደም፤ ያለ ሰላምታ የሚጀምር ወረቀት የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። ሊንዬ፣ በእጄ ያሳደግኩሽ፣ እንዴት ነሽ? የሰማዩ ጌታ ከክፉ ዓይንና ከናይሮቢ ማታቱ ታክሲ ይሰውርሽ። እኔ አያትሽ ወርቅአየሁ ደህና ነኝ። ጉልበቴ አልሄድ ይላል፣ ምላሴ አልቆም ይላል፤ ሌላው ሁሉ በየቦታው ነው።

አሁን ወደ ነገሬ። ዓርብ ዕለት ደወልኩልሽ። «እማማ ዝጊው፣ ዝጊው! ቆጠራዬን አቋረጥሽብኝ!» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ጠረቀምሽው። ትናንትም እንደዚያው። የምን ቆጠራ ነው? ሆቴል አስተዳደር ልማር ብላ የሄደች ልጅ ምን ትቆጥራለች? አንሶላ ነው?

ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። ወረቀት አይጮህብሽም። የናይሮቢው ባስ ረዳት፣ ኮንዳው ዋሪዮ፣ ሲያየው ሳቀ። «አኮ ወርቄ፣ አያቴ፣ በዚህ ዘመን ደብዳቤ? ለሊና ላድርሰው ወይስ ለሙዚየም?» አለኝ። «አንተ መጀመሪያ የባስህን በር በሽቦ ማሰር ተው» አልኩት። ቋንጣም አስይዤዋለሁ፤ ጎድሎ ከደረሰሽ ጥርሱን እዪው።

አልጋ ቤታችን እንዳለ ነው። ድሮ ከናይሮቢ የመጣ ሁሉ አቧራውን ሊያራግፍ እኛ ጋ ያድር ነበር። አስፋልቱ ከመጣ ወዲህ ባሱ ጥሎን ይበርራል። ትናንት ያደረው የኦቦ መንደሩ ኤሌማ ብቻ ነው፤ ፍየሉን ሲሸጥ መሽቶበት። እሱ ደግሞ ከፍሎ አያውቅም፤ ምርቃቱን ጥሎ ይሄዳል።

ፈተናሽ መቼ ነው? በኅዳር ነው፣ የመጨረሻው ነው፣ እሱን ካለፍኩ ዲፕሎማዬን እይዛለሁ ብለሽኛል። ቀኑን ጻፊልኝ። ለማርያም ተስያለሁ፤ ቀን ሳልነግራት እንዴት ላስቸግራት?

አያትሽ ወርቅአየሁ


ናይሮቢ
ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እማማ ወርቄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቋንጣው ደርሶኛል፤ ዋሪዮ አልነካውም። ስለጮህኩብሽ ይቅር በይኝ።

የምቆጥረው ሰከንድ ነው። አንድ ድረ ገጽ አለ፤ አባላቱ ከዓለም ዙሪያ ናቸው፤ ሁሉም የየራሱን ማስታወቂያ ይለጥፋል። እኔ የሌላውን ሰው ማስታወቂያ ከፍቼ አሥር ሰከንድ እጠብቃለሁ። ሰከንዱ ሲያልቅ ቁልፍ እጫናለሁ፣ ነጥብ አገኛለሁ። በነጥቤ የኔ ገጽ ደግሞ ለሌላ ሰው ይከፈታል። መሐል ላይ ስልክ ከገባ ሰከንዱ እንደ አዲስ ይጀምራል። የጮህኩት ለዚህ ነው።

የኔ ገጽ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ያንቺ አልጋ ቤት ነው! «ወርቅአየሁ አልጋ ቤት፣ ሞያሌ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጽፌዋለሁ። ክፍሎቹ ባዶ ናቸው ካልሽኝ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ የለኝም።

ውድድርም አለ። ብዙ ገጽ ያየና ብዙ አዲስ አባል ያመጣ ያሸንፋል። ያሸነፈ ሰው ማስታወቂያው አንድ ወር ሙሉ ከላይ ይሰቀላል፤ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እማማ፣ አስቢው እስቲ! እኔ አሁን አምስተኛ ነኝ።

ሁለት ነገር አድርጊልኝ። የፊት በሩን አስቀቢና ጎረቤትሽ ናስራ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። ሁለተኛ፣ ስልክ ያላቸውን ጎረቤቶች በኔ ስም በአባልነት አስገቢልኝ። ናስራ ታውቅበታለች፤ መመሪያውን ልኬላታለሁ። ምንም አያስከፍልም።

ያንቺው ሊና


ሞያሌ
ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሊና፣ ለዓይኔ ብሌን። ሰላምታዬ ከባሱ ይቅደም፤ ዋሪዮ መንገድ ላይ ጫት ሊገዛ ይቆማልና።

በሩን አስቀባሁት፤ ሰማያዊ። ናስራ ፎቶ ልታነሳ መጣችና በሩ ፊት አቆመችኝ። «ፈገግ በዪ» አለችኝ። «እንግዳ ሳይመጣ ለምኑ?» አልኳት። «ፈገግ ካላልሽ ለምን ይመጣል?» አለች። ጨርቅ ነጋዴ አይደለች፣ በምላስ ማን ይችላታል። ፎቶው ላይ አኩርፌ ብታዪኝ የሷ ጥፋት ነው።

ከዚያ ያንቺን ነገር አስረዳኋት። አዳመጠችኝ፣ ሻሿን አስተካከለችና፣ «ወርቄ፣ እዚያ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚያሳይ ነገር ያለው ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሊገዛ የመጣስ?»

«ምን ይታወቃል፤ ይኖራል።»

«ገበያው ሶኮ ውስጥ ሁላችንም የሚሸጥ ዲራ ቀሚስ ይዘን ብንቆም፣ እኔ ያንቺን ዲራ ባይ፣ አንቺ የኔን ብታዪ፣ ማታ ሁላችንም ዲራችንን ተሸክመን ነው የምንገባው» አለች።

ተናደድኩ። «ልጄ ናይሮቢ ተቀምጣ የማታውቀውን አንቺ ሞያሌ ተቀምጠሽ አወቅሽ?» አልኳት። ሳቀችና ስልኳን አውጥታ የመጀመሪያዋ አባል ሆነች። ነገሯ እንዲህ ነው፤ ትናገርሻለች፣ ግን ጥላሽ አትሄድም።

ሌሎቹንም አስገባን። ግመል ነጋዴውን ሽማግሌ ታዲቻን፣ የኦዳ መንደር ወተት ሻጮችን፣ ኤሌማንም። ኤሌማ «መንግሥት ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ። «የኛን ነገር መንግሥት መቼ አውቆ ያውቃል» አልኩት፣ ገባ። ሃያ ያህል ሆነዋል።

ናስራ ያለችውን ግን ማታ ማታ አስበዋለሁ። አንቺ የሰውን ገጽ ስትከፍቺ ታዪዋለሽ? እውነቱን ንገሪኝ።

ሌላም ነገር። የፈተናውን ቀን አልጻፍሽልኝም። ደብዳቤሽን ገለባብጬ አየሁት፤ ጀርባውም ባዶ ነው። ረስተሽው ነው አይደል?

ወርቅአየሁ


ናይሮቢ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማማ፣ እንደምን አለሽ? ቶሎ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሦስተኛ ሆኛለሁ! ባመጣሽልኝ አባላት ነው! ከፊቴ አንድ የፊሊፒንስ ሰውና አንድ ሌላ አሉ። ሌላውን ባሸንፈው ደስ ይለኛል፤ የፊሊፒንሱ ግን እንቅልፍ የለውም መሰለኝ፤ በነቃሁ ቁጥር ጨምሮ አገኘዋለሁ።

ፎቶሽን ለጥፌዋለሁ። አኩርፈሻል፤ ግን ያምርብሻል።

አያለሁ ወይ ላልሽኝ፣ አላይም። የማየው የሚቆጠረውን ሰከንድ ነው። ገጹ ላይ ምን እንዳለ ብትጠይቂኝ አላውቅም። አሁንማ ዓይኔን ስጨፍንም ይቆጥራል፤ አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት ይላል። ግን ሌሎቹ ሊያዩ ይችላሉ። አንድ ሰው ካየ ይበቃናል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ቅዳሜ እጥፍ ነው! የሚታየው ገጽ ሁሉ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፤ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ሁሉም አባላት ቅዳሜን ሙሉ ቀን ቢያዩልኝ አንደኛ እወጣለሁ። ለምኚልኝ። አንቺን እምቢ የሚል የለም።

ስለ ፈተናው አትጨነቂ።

ሊና


ሞያሌ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሊንዬ፣ እልልልል! በወረቀት እልልታ አይሰማም እንጂ ጉሮሮዬ ደርቋል። ፈጣሪ የለፋሽበትን ይባርክልሽ።

የቅዳሜውን ልንገርሽ። በየቤታችሁ እዩላት ብላቸው ማን ያያል? ኤሌማ ፍየሉን ያያል፣ ናስራ ደንበኛዋን ታያለች። ስለዚህ ምን አልኩ? ደቦ! ባባቴ አገር አጨዳ ሲበዛብሽ ጎረቤት ጠርተሽ፣ አብልተሽ፣ በአንድ ቀን ታስጨርሺዋለሽ። አንዱ ለብቻው ወር የሚፈጅበትን ሃያ ሰው በዘፈን ይጥለዋል። ቦረናዎቹም ያውቁታል፤ ኤላ ሲወርዱ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ በሰንሰለት ሲያወጡ እንዲሁ ነው።

ሁሉም ስልኩን ይዞ ግቢያችን መጣ። ሥጋውን ማን ይባርከው የሚል ጣጣ ስለማልፈልግ ሩዝ በባቄላ፣ ቻፓቲና የግመል ወተት ሻይ አቀረብኩ። እስላሙም ክርስቲያኑም በላ። ካርድ በየስልኩ መሙላት አይቻልም፤ አንቺ ለእንግዳ ያስገባሽው ዋይፋይ አለ አይደል፣ ሁሉም ከሱ ጠጣ።

መጀመሪያ ተንጫጩ። አንዱ ቶሎ ይጫናል፣ አንዱ ያንቀላፋል። ኤሌማ «ዕድሜ ልኬን ከብት ጠበቅኩ፣ አሁን ደግሞ ሰከንድ ልጠብቅ? ሰከንድ ወተት አለው?» ይላል። ይሄኔ ታዲቻ ከርቸሌ እንደ ገባ ሰው ተቀምጦ ቆየና የኤላውን ዜማ ጀመረ። ያውቁታል፤ አንዱ ያወጣል ሌላው ይቀበላል፣ ባልዲው በዜማው ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚወጣው። ዜማውን ከሰከንዱ ጋር አስማማው። «ሆ!» ሲል ሃያው ጣት አብሮ ይወርዳል። ደግሞ «ሆ!»፣ ደግሞ አብሮ! አንድ እጅ ነው የሚመስለው። ከጠዋት እስከ መግሪብ አልቆመም። ናስራ እንኳ ሱቋን ዘግታ ዋለች። እኔ ሻይ ሳዞር እንባዬ መጣ፤ በስንት ዘመኑ ግቢው ሰው ሞልቶ።

አሁን ሁሉም «ነገ ለኔ» እያለኝ ነው። ታዲቻ ግመሎቹን፣ የኦዳዎቹ ወተታቸውን እዚያ ላይ ይለጠፍልን ይላሉ። ደቦ ብድር ነው። ስታሸንፊ ትለጥፊላቸዋለሽ።

«አትጨነቂ» ብለሽ ስለጻፍሽ ጀመርኩ መጨነቅ። ፈተናው ስንት ቀን ቀረው?

አያትሽ


ናይሮቢ
ኅዳር 14

እማማ፣

ዘጉኝ። ቅዳሜ ማታ አንደኛ ነበርኩ። እሑድ ስነሳ ገጹ የለም። «ሃያ ስልክ ከአንድ መስመር፣ በአንድ ሰከንድ ይጫናል። ሰው እንዲህ አይጫንም፤ ማሽን ነው» ብለው ጻፉልኝ። አጭበርባሪ ብለው ስሜን ለሁሉም አባል አወጡት። ያንቺንም ፎቶ አውርደውታል።

የኔ ጥፋት ነው። በየቤታችሁ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ።

ለጊዜው አትጻፊልኝ። ስለ ፈተናውም አትጠይቂኝ።

ሊና


ሞያሌ
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

አትጻፊ ብትዪኝም ጻፍኩ። ልጄ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ዛሬ ሌላ ምርቃት አልመጣልኝም።

ማሽን? ታዲቻ ማሽን ነው? ጥርስ የሌለው ማሽን የት አይተዋል? ሲነገረው ሽማግሌው ጣቶቹን አየ። «አብረን በመሥራታችን ነው ሌባ ያሉን?» አለ።

ባለቤቱ ማነው? አገሩ የት ነው? ስሙን ላኪልኝ፤ ሽማግሌ እንልካለን። ኤሌማ ይሄዳል፣ ናስራም ትናገራለች፤ እኛ ነን፣ ሰዎች ነን፣ ይኸው ብለን ቆመን እንታያለን። ናስራ «ወርቄ፣ እዚያ ቤት በር የለውም፣ ማን ጋ ነው ሽማግሌ የሚቀመጠው?» ትለኛለች። በር የሌለው ቤት አለ?

ጥፋቱ ካንቺ አይደለም። ደቦውን የጠራሁ እኔ ነኝ። አልጋውን ተይው፤ ባዶ አልጋ አይራብም። አንቺ በልተሻል? ተኝተሻል? አንድ ቃል ብቻ ጽፈሽ ለዋሪዮ ስጪው።

ወርቅአየሁ


ሞያሌ
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሊና፣ ዋሪዮ ባዶ እጁን ተመለሰ። ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር፣ ባሱ የሚቆምበት ቦታ አልመጣችም አለኝ። ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ዛሬ ደግሞ ያንኑ ደብዳቤና ይሄን አንድ ላይ ሰጥቼዋለሁ፤ ቤትሽ ድረስ እንዲሄድ አስምዬዋለሁ። ክፈቺለት። ሌላ የምጽፈው የለኝም።


ናይሮቢ
ኅዳር 30 መሰለኝ

የኔ እማማ ወርቄ!

ሰላምሽ ይብዛ! ደብዳቤዎችሽን ዋሪዮ አምጥቶልኛል። እንዳትጨነቂ፣ በጣም ደህና ነኝ። የምሥራች አለኝ!

ሌላ ድረ ገጽ አገኘሁ። ይሄኛው ከበፊቱ በጣም ይሻላል። የሚጠበቀው ስድስት ሰከንድ ብቻ ነው! ውድድሩ በየቀኑ ነው፤ እጥፍ ቀኑም በሳምንት ሁለቴ ነው። በሌላ ስም ገባሁ። አሁን አርባኛ ነኝ፤ ግን ገና ጀምሬ ነው። ሁለት ስልክ ስለያዝኩ በሁለት እጅ እሠራለሁ። ያንቺን ፎቶ እንደገና ለጥፌዋለሁ።

ሰዎቹን እንደገና ሰብስቢልኝ፤ አሁን ግን በአንድ ላይ እንዳይሆኑ። እያንዳንዱ በየቤቱ፣ ለየብቻው፣ ሳይነጋገር ይይ። ዘፈን የለም። ናስራ ስልክ ለሌላቸው ታውስልኝ። ሌላ አልጠይቅሽም።

ፈተናው አልፏል፤ ለሚቀጥለው ዓመት እፈተናለሁ፤ ምንም ማለት አይደለም። ሳሸንፍ ታያለሽ፣ ክፍሎቹ በሙሉ ይያዛሉ። አንድ ሰው ብቻ ቢያይ ይበቃናል።

የምትወድሽ ሊና


ሞያሌ
ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለሊና። ስትነሺም ስትተኚም ጠባቂ አይለይሽ፤ ብትተኚ ማለቴ ነው።

ደብዳቤሽ ደስ ደስ ይላል። ያስደነገጠኝ ይሄው ነው። አልቅሰሽ ብትጽፊልኝ እንጀራዬን በልቼ እተኛ ነበር።

ዋሪዮን ያየውን እንዲነግረኝ ያዝኩት። መጀመሪያ ዞር ዞር አለብኝ፤ ኮንዳ ሆኖ ወሬ ማውራት የሚያፍር አይቼ አላውቅም፣ ያኔ ነው የፈራሁት። «አኮ፣ መጋረጃው በቀን ተዘግቷል» አለኝ። «ሊና፣ ዋሪዮ ነኝ አልኳት። አሥር ሰከንድ አለችኝ። ቆምኩ። ደግሞ ስድስት ሰከንድ አለችኝ። ቆምኩ። ቀና ብላ አላየችኝም። ደብዳቤውን አልጋው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ሳህኑ ላይ የነበረው ዳቦ ሻግቷል» አለኝ። ከዚያ ባሱን ሊያጥብ ሄደ፤ ታጥቦ ያለቀውን ባስ።

ሰዎቹን አልሰበስብልሽም። ይሄን ያህል ጊዜ እምቢ ብዬሽ አላውቅም፤ ዛሬ እምቢ። «ለየብቻቸው፣ ሳይነጋገሩ» ያልሽውን ለናስራ አነበብኩላት። ከዚያ ተነስታ የክፍሎቹን ቁልፍ ከምስማሩ አወረደችና ወገቧ ላይ አሰረችው። «ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት። «አልጋ ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ። አንቺ ዕቃሽን ያዢ» አለች። ኤሌማ ደግሞ የፍየሉን ገመድ አምጥቶ ሻንጣዬን አሰረልኝ፤ ሻንጣው ዚፕ የለውም። ታዲቻ መጥቶ ወተት በጎርፋ፣ በወተት ዕቃው፣ ሞልቶ ሰጠኝ፣ ማሽኑ ነው የላከው በያት አለ።

አዎ፣ እኔ ነኝ የምመጣው። ፈራሁ፣ አልዋሽሽም። ከመርሳቢት ወዲያ አላውቅም። መንገድ ላይ ፖሊሱ «ኪታምቡሊሾ» ቢለኝ የማሳየው የኬንያ መታወቂያ የለኝም፤ አርባ ዓመት እዚህ ኖሬ ወረቀት ላይ ግን የለሁም። ዋሪዮ ከኋላ፣ ከሽንኩርቱ ማዳበሪያ አጠገብ አስቀምጥሻለሁ፣ አፍሽን ብቻ ዝጊ ይላል። አፍሽን ዝጊ! ለኔ! ከፖሊሱ ይልቅ የፈራሁት ያንን ነው።

ቢመልሱኝ በሚቀጥለው ባስ እመጣለሁ። ቢመልሱኝ በሌላው።

ስለ ፈተናው አልቆጣሽም። ፈተና ዓመት ቆይቶ ይመለሳል። ስለ አልጋውም አላወራሽም። የፈለግኩት ሌላ ነው። እዚያ ውስጥ ስንቱ አገር እንደሚያይሽ አላውቅም፤ እኔ ግን ካየሁሽ ዓመት አለፈኝ። በርሽን ስመታ አሥር ሰከንድ ብትዪኝ እቆማለሁ። ሌላ አሥር ብትዪኝም እቆማለሁ፤ ጉልበቴ እምቢ ሲል እቀመጣለሁ። ከዚያ መጋረጃውን እከፍታለሁ፣ ምን ትሆኚያለሽ? እጅሽን አጥቤ አጎርስሻለሁ። ስልኩን አልነጥቅሽም፣ ልጅ አይደለሽም። አጠገብሽ ተቀምጬ አወራለሁ ብቻ። እኔ ሳወራ እንኳን ሰከንድ፣ ዓመት የሚቆጥር ሰው አላየሁም።

ይሄን ወረቀት በእጄ ነው የምሰጥሽ። ታዲያ ለምን እጽፈዋለሁ? እጄ አላርፍ ብሎኝ ነው። ደግሞም ስደርስ አፌ ቢተሳሰር ታነቢዋለሽ። አፏ አይተሳሰርም ትያለሽ። አንቺን እንደዚያ ሆነሽ ካየሁሽ ምን ይታወቃል፤ እኔም ሰው ነኝ፣ ሊንዬ፣ አያትሽ ብሆንም ደግሞ

ዋሪዮ በሩን እየደበደበው ነው። «አኮ! ባሱ ሞልቷል፣ ሾፌሩ ሊሳደብ ነው!» ይላል። ቆይ በለው አንተ! ናስራ፣ ያንን ነጠላዬን አቀብዪኝ፤ ሁለተኛውን ጫማዬን ማን ወሰደው